«ከላይ እንዳየነው» የት ነው? ከማስታወሻ ወደ ላቴክ የሚሻገሩ ውስጣዊ ማጣቀሻዎች

በእንጦጦ ተራራ ላይ ሁለት የንባብ ልማዶች ጎረቤታሞች ናቸው። በማርያምና በራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት የዕለቱን ምንባብ የሚያዘጋጅ ዲያቆን ግጻዌውን ገልጦ የመጽሐፉን ስም፣ ምዕራፉንና ቁጥሩን፣ የምንባቡንም መነሻ ቃል አይቶ ወደ ወንጌሉ ይሄዳል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች በቆሙበት ግቢ ደግሞ፣ ሥነ ፈለክ የሚያጠና ሰው «በክፍል 3.2 እንደተገለጸው» እያለ አንባቢውን በራሱ ጥናት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመራል። ሁለቱም አንባቢን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ የሚልኩ ናቸው፤ የሚልኩበት መንገድ ግን በቃል ነው፣ በቁጥር ነው ወይስ በሁለቱም? ይህ ዳሰሳ የሚያየው የዚህን የቆየ ጥያቄ አዲስ መልክ ነው፦ ተመራማሪው በተራ ጽሑፍ የያዘው ማስታወሻ ላቴክ ወደተባለው የኅትመት ማቀናበሪያ ሲሻገር፣ በማስታወሻው ውስጥ ያሉት አገናኞች የለበሱት መግለጫ ምን ይሁን? በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ከየት ይነሣል

በተራ ጽሑፍ የሚያዝ ማስታወሻ፣ ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ አርታዒ ውስጥ ያለው ኦርግ ሞድም ሆነ ማርክዳውን፣ ውስጣዊ አገናኝን በሁለት ክፍል ይጽፈዋል። አንዱ መድረሻው ነው፤ አንባቢ የማያየው መለያ ወይም የሌላ ክፍል ርዕስ። ሌላው መግለጫው ነው፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚነበበው ቃል። ማስታወሻው በኮምፒውተሩ ላይ እስካለ ድረስ የሁለቱ መለያየት ችግር የለውም፤ ቃሉን ሲጫኑት ወደ መድረሻው ይወስዳል። ጽሑፉ በላቴክ በኩል ፒዲኤፍ ሆኖ፣ ከዚያም ታትሞና ተጠርዞ ለፈታኝና ለቤተ መጻሕፍት ሲቀርብ ግን መጫን የሚባል ነገር የለም። «የከባቢ አየር እርማቱን ቀደም ብለን አይተናል» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ «የከባቢ አየር እርማቱን» የሚለው ሐረግ አገናኝ እንደነበር ወረቀቱ አይናገርም። በላቴክ ይህን ሥራ የሚሠራው ሃይፐርሬፍ የተባለው ጥቅል፣ ቅንብሩ ካልተነካ፣ አገናኞችን በስክሪን ላይ በባለ ቀለም ሣጥን ይከባቸዋል፤ ሣጥኑ ግን ወረቀት ላይ አይወጣም። አንባቢው «የት?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት የለም። ቁጥሩ ብቻ ቢቀርስ? «በ3.2 አይተናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቦታውን ያሳያል፣ ምን እንዳለበት ግን አይነግርም፤ አንባቢው ገጽ ገልብጦ እስኪያይ ድረስ ዓረፍተ ነገሩ ባዶ ነው።

ጉዳዩ የፕሮግራም ቅንብር ብቻ ይመስላል። መግለጫና ቁጥር ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ መግለጫው የሚጠራው ነገር ምን እንደሆነ ይነግራል፣ ቁጥሩ የት እንደሚገኝ ያመለክታል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ክርክር፣ አንዱን በሌላው የሚተካ ማንኛውም አሠራር አንዱን ሥራ ሳይሠራ እንደሚቀር፣ በአማርኛ ደግሞ ጉዳቱ ከእንግሊዝኛ እንደሚብስ ለማሳየት ነው።

ከአውሳብዮስ ቀመር እስከ ላምፖርት

በአገራችን የብራና ታሪክ የቁጥር ማጣቀሻ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው በወንጌላት መግቢያ ላይ ባለው የአውሳብዮስ ቀመር ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሣርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በቁጥር ወደ ተለዩ ክፍሎች አደራጅቶ፣ ማቴዎስን ለምሳሌ ወደ 355፣ ተመሳሳይ ታሪክ የያዙትን ክፍሎች በ10 ሠንጠረዦች አዛመዳቸው፤ አሠራሩንም ለካርፒያኖስ በጻፈው ደብዳቤ አስረዳ። ዐድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁትና በካርበን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የሚመደቡት ወንጌላት ይህን ቀመር በሥዕል በተጌጡ ዐምዶች መካከል ይዘውታል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቁጥሮቹ በኅዳግ ላይ ሲቆሙ በወንጌሉ ቃል ውስጥ አንድም ነገር እንዳልተጨመረ ነው። ጽሑፉ እንደተጻፈ ይነበባል፤ መንገዱን የሚፈልግ ወደ ኅዳጉ ያያል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ልማድ አለ፤ ምንባብን፣ መዝሙርን ወይም ዜማን በመነሻ ቃሉ መጥራት። ቃሉን በቃል የሚያውቅ ሰው ቁጥር አያሻውም። ይህ ልማድ ካልቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ቁጥር ራሱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ መለያየቱ ነው። የግዕዙ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን አቆጣጠር ስለሚከተል፣ ስለ እረኝነት የሚናገረው ታዋቂ መዝሙር በእርሱ 22ኛ ሲሆን በዕብራይስጡ አቆጣጠር 23ኛ ነው። ቁጥር ብቻ የጠራ ሰው አንባቢውን ወደ ሌላ መዝሙር ሊልከው ይችላል፤ የመነሻ ቃሉን የጨመረ ግን አያሳስትም። በሌላ በኩል ተመሳሳይ መነሻ ያላቸው ምንባቦች ስለሚኖሩ ቃል ብቻውንም አያስተማምንም። ሁለቱን አጣምሮ መያዝ እንግዲህ የኮምፒውተር ዘመን ግኝት አይደለም።

ዘመናዊው ሕጋችንም ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ቁጥርም አጭር ርዕስም ይዟል። በሕጉ ውስጥ ግን አንዱ አንቀጽ ሌላውን የሚጠራው በቁጥሩ ነው። አሠራሩ ቁጥሩ እስካልተነካ ድረስ ጽኑ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ የቀድሞዎቹን የጋብቻ አንቀጾች በቁጥር የሚጠሩ ጽሑፎች ሁሉ ቁጥሩ ምንን ያመለክት እንደነበር ወደ ኋላ ተመልሶ ማየትን የሚጠይቁ ሆኑ። ርዕሱንም ጽፎ የነበረ ጸሐፊ ቢያንስ ስለ ምን ይናገር እንደነበር ለአንባቢው ትቶለታል።

ዶናልድ ክኑት በ1978 ቴክን ሲያወጣ፣ ሌስሊ ላምፖርትም በ1980ዎቹ ላቴክን በላዩ ሲሠራ፣ የቁጥሩን ጣጣ ከሰው ትከሻ አወረዱ። ጸሐፊው ለክፍሉ መለያ ይሰጠዋል፤ በሌላ ቦታ በሬፍ ትእዛዝ መለያውን ይጠራል፤ ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ዙር ቁጥሮቹን በረዳት ፋይል ይጽፋል፣ በሁለተኛው ዙር ያነባቸዋል። መለያው ካልተገኘ በቦታው ሁለት የጥያቄ ምልክት ይወጣል። ክፍል ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ቁጥሮቹ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። የዚህ ንድፍ መሠረት ግልጽ ነው፦ ቃሉን ጸሐፊው ይጽፋል፣ ቁጥሩን ማሽኑ ይሞላል። በ1990ዎቹ ሴባስቲያን ራትዝ ሃይፐርሬፍን ሲያመጣ ግን ሌላ ዓይነት ማጣቀሻ ተጨመረ፤ ቁጥር የማይታይበት፣ ማንኛውም ቃል ወደ ማንኛውም መለያ የሚወስድበት። ድረ ገጽን ወደ ወረቀት ያመጣው ይህ ነው። ዛሬ የምንከራከርበት ችግርም አብሮ መጣ።

ሁለቱ ዋና መሣሪያዎች ምን ያደርጋሉ

ኦርግ ሞድን በ2003 የጀመረው ካርስተን ዶሚኒክ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው። ከዚያ በፊት በኢማክስ ውስጥ የላቴክ መለያዎችንና ማጣቀሻዎችን የሚያስተዳድረውን ሬፍቴክን ሠርቷል። ስለዚህ በኦርግ ውስጥ የማጣቀሻ አያያዝ በአጋጣሚ የተቀመጠ አይደለም፤ ጉዳዩን ጠንቅቆ በሚያውቅ ሰው እጅ የተጀመረ ነው። በ2013 በኒኮላ ጎአዚዩ እንደ አዲስ የተጻፈው የኤክስፖርት ክፍል የሚከተለው ሕግ ይህ ነው፦ አገናኙ መግለጫ ካለው መግለጫው በሃይፐርሬፍ ውስጥ እንዳለ ይገባል፣ ቁጥር አይወጣም። መግለጫ ከሌለውና መድረሻው ቁጥር ያለው ርዕስ ከሆነ የሬፍ ትእዛዝ ይገባል፣ ቁጥሩ ብቻ ይወጣል። መግለጫ ከሌለውና ርዕሱም ቁጥር ከሌለው የርዕሱ ጽሑፍ ራሱ አገናኝ ይሆናል። ሠንጠረዥና ሥዕልም በዚሁ ይሄዳሉ፤ መግለጫ ካለ መግለጫው፣ ከሌለ ቁጥሩ።

ሕጉ በራሱ የተስተካከለ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊውን መስቀለኛ መንገድ ላይ ያቆመዋል። የመግለጫው አለመኖር ራሱ ትእዛዝ ሆኗል። በማስታወሻው ላይ ዓረፍተ ነገሩ እንዲነበብ የፈለገ መግለጫ ይጽፋል፣ በኅትመቱ ቁጥር ያጣል። በኅትመቱ ቁጥር የፈለገ መግለጫውን ይተዋል፣ በማስታወሻው ላይ ጥሬ መለያ ብቻ ያነባል። አንድ ምልክት ሁለት ዓላማ እንዲያገለግል መደረጉ ነው ችግሩ፤ የብዙ ተጠቃሚዎች ቅሬታም ከዚህ ይመነጫል።

ማርክዳውንን ጆን ግሩበር በ2004፣ ጽሑፍን ከአንድ ቅርጸት ወደ ሌላ የሚለውጠውን ፓንዶክን ደግሞ የፍልስፍና መምህሩ ጆን ማክፋርሌን በ2006 አወጡ። ማርክዳውን ከመነሻው ለድረ ገጽ የታሰበ ስለሆነ የቁጥር ማጣቀሻ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ፓንዶክ ውስጣዊ አገናኝን ወደ ሃይፐርሬፍ ይለውጣል፣ መግለጫውን እንዳለ ያኖራል፤ ቁጥር የሚፈልግ እንደ ፓንዶክ-ክሮስሬፍ ያለ ማጣሪያ መጨመር አለበት። በዚህ ረገድ ፓንዶክ ከኦርግ ይልቅ ለመግለጫው ያደላ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁለቱ ልዩነት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የተሰበረ አገናኝ ጉዳይ ነው። ኦርግ መድረሻውን ካላገኘ፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ ኤክስፖርቱን ያቆማል። ፓንዶክ ግን ይቀጥላል። ላቴክም በሬፍ የተጠራ መለያ ሲጠፋ በገጹ ላይ ሁለቱን የጥያቄ ምልክቶች ያሳያል፤ በሃይፐርሬፍ መግለጫ የተሸፈነ መለያ ሲጠፋ ግን መግለጫው ሳይጎድል ይታተማል፣ ማስጠንቀቂያው በሎግ ፋይሉ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ሎጉን የሚያነብ ስንት ነው? ስለዚህ ቁጥር ስሕተቱን ያጋልጣል፣ መግለጫ ይሸፍነዋል። ቁጥር ጨርሶ መተው የለበትም ለሚል ወገን ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል፤ የጥያቄ ምልክት የያዘ ጥናት ፈታኝ ፊት መቅረቡ ያሳፍራል፣ ግን ሳይታወቅ ወደ የትም የማይመራ ማጣቀሻ ተሸክሞ መጠረዙ የባሰ ነው።

መግለጫ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

ክርክሩ የሚደበላለቀው «መግለጫ» የሚለው ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸፍን ይመስለኛል። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ራሱ የሞላው መግለጫ ነው። በኦርግ ወደ አንድ ርዕስ አገናኝ ሲቀመጥ ርዕሱ እንዳለ መግለጫ ሆኖ ይቀርባል፤ ጸሐፊው አስገባ የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። ርዕሱ ከሳምንት በኋላ ቢለወጥ መግለጫው አሮጌውን ርዕስ እንደያዘ ይቀራል። ይህ የጸሐፊ ቃል ነው ተብሎ ሊከበር አይገባውም፤ የማሽን ግልባጭ ነው። ሁለተኛው «ሦስተኛው ምዕራፍ»፣ «ሁለተኛው ሠንጠረዥ» የሚል፣ ቁጥርን በቃል የሚናገር መግለጫ ነው። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የማሽኑን ሥራ ሰው በእጁ ሠርቶታል፣ አንድ ምዕራፍ ሲጨመር ይዋሻል። ሦስተኛው በዓረፍተ ነገሩ ሰዋስው ውስጥ የተሸመነው ነው፦ «የከባቢ አየር እርማቱን»፣ «ከጨለማ ምስሎቹ የተገኘውን ስሌት»። ይህንን ማውጣት ዓረፍተ ነገሩን ያፈርሳል።

መግለጫው ሁልጊዜ ይከበር የሚሉት ሦስተኛውን እያሰቡ ይናገራሉ፤ ሁልጊዜ በቁጥር ይተካ የሚሉት አንደኛውንና ሁለተኛውን እያሰቡ። ሁለቱም በያዙት ምሳሌ ልክ ናቸው። ማስታወሻው ሦስቱን የሚለይበት ምልክት ስለሌለው ግን አንድ ቅንብር ለሁሉም መልስ ሊሆን አይችልም። አንደኛውን ዓይነት ፕሮግራም ሊለየው ይችላል፤ መግለጫው ከመድረሻው ርዕስ ጋር አንድ ከሆነ ጸሐፊው ሳይመርጠው የመጣ ሊሆን ይችላልና በርዕሱና በቁጥሩ ሊተካ ይችላል። ከሌሎቹ ጋር ግን ማሽን መገመት የለበትም።

አማርኛ ሲገባበት

እስካሁን የተባለው በየትኛውም ቋንቋ ይሠራል። ከመግለጫ ብቻና ከቁጥር ብቻ ሌላ ያለው ሦስተኛው ታዋቂ መንገድ፣ ማለትም የክፍሉን ዓይነት ስምና ቁጥሩን ማሽኑ አቀናጅቶ እንዲያወጣ ማድረግ፣ በእንግሊዝኛ ጥሩ ይሄዳል። የሃይፐርሬፉ አውቶሬፍና የቶቢ ኩቢት ክሌቨርሬፍ የሚሠሩት ይህንን ነው፤ መድረሻው ሠንጠረዥ ከሆነ «ሠንጠረዥ 2»፣ ምዕራፍ ከሆነ «ምዕራፍ 2» እያሉ ይጽፋሉ። አማርኛን አብረው ይዘው አልመጡም፤ ስሞቹን ተጠቃሚው መስጠት ይችላል፣ ያ ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱ ስሙ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ብቻውን አለመቆሙ ነው። «በ»፣ «ከ»፣ «የ»፣ «ለ» ከፊት ይጣበቃሉ፤ «ን»፣ «ው»፣ «ም» ከኋላ። የፊቶቹ አያስቸግሩም፤ በአገናኙ ደጃፍ ላይ ጸሐፊው «በ» ብሎ ቢጽፍ ማሽኑ «ምዕራፍ 2»ን ይቀጥላል፣ «በምዕራፍ 2» ይሆናል። የኋላዎቹ ግን ቁጥሩ ላይ ያርፋሉ፤ የቁጥሩን አነባበብ ደግሞ ማሽኑ አያውቅም። «ን» እና «ኛ» የማይለወጡ ናቸው፤ 1ን፣ 3ን፣ 20ን፤ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 20ኛ። የማወቂያው ምዕላድ ግን ይለዋወጣል፤ 1ዱ፣ 3ቱ፣ 20ው እንላለን። ቁጥሩ ነገ 3 ይሁን 20 የማያውቅ ጸሐፊ ከሬፍ ትእዛዝ ኋላ «ቱ» ብሎ መጻፍ አይችልም። ሀንጋሪዎች ተመሳሳይ ጣጣ ነበረባቸው፤ በቋንቋቸው ከቁጥሩ የሚቀድመው መስተአምር እንደ ቁጥሩ አነባበብ ስለሚለወጥ፣ ለላቴክ በተዘጋጀው የሀንጋሪኛ ድጋፍ ውስጥ ቁጥሩን አይቶ ትክክለኛውን የሚመርጥ ልዩ የማጣቀሻ ትእዛዝ አስገቡ። ለአማርኛም ይህን መሥራት የሚያቅት አይደለም፤ ግን ማሽኑ ሰዋስው እንዲያወራ ከማስተማር ይልቅ ቁጥሩን ከሰዋስው ውጭ ማቆም ይቀላል። በቅንፍ የገባ ቁጥር ቅጥያ አይሸከምም፦ «የከባቢ አየር እርማቱን (ክፍል 3.2፣ ገጽ 41) ቀደም ብለን አይተናል።» ዓረፍተ ነገሩ ጸሐፊው እንደጻፈው ቀረ፤ አውሳብዮስ በኅዳግ ያደረገውን ቅንፉ በመስመር ላይ አደረገው።

ሁለተኛው የአማርኛ ፈተና የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የመሰሉ ሊቃውንት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደየሥርወ ቃላቸው ይጠበቁ ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል፤ የዕለት ተዕለቱ ጽሕፈት ግን አንዱን በሌላው እያለዋወጠ ቀጥሏል። ለአንባቢ «ሥርዓት» እና «ስርአት» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የሚለያዩት ሁለት ፊደሎች ሁለት የተለያዩ ቃላት ያደርጓቸዋል። መድረሻውን በርዕሱ የሚጠራ አገናኝ፣ ርዕሱ ላይ «ሠንጠረዥ»፣ አገናኙ ላይ «ሰንጠረዥ» ከተጻፈ መንገድ ይስታል። ይህ የኦርግም የፓንዶክም ጉድለት አይደለም፤ የዩኒኮድ ስሌት እንዲህ ነው። መፍትሔው ክርክር የማያስነሣ ይመስለኛል፦ በአማርኛ ሲጻፍ መድረሻ በርዕስ አይጠራ፣ በቋሚ መለያ ይጠራ። ፓንዶክ ከርዕስ ራሱ የሚያመነጨው መለያም አይረዳም። ወደ ላቴክ ሲጽፍ የግዕዝ ፊደሎቹን በዩኒኮድ ቁጥራቸው ይተካቸዋል፤ ለ የሚለው 1208ን፣ ሀ የሚለው 1200ን በያዘ ቁራጭ ይለወጣል። ትክክለኛ ነው፣ ይሠራል፣ ሎጉ ውስጥ ግን የትኛው ክፍል እንደጠፋ ለማወቅ የፊደል ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

የግዕዝ አኃዝ ነገር ባጭሩ ይታለፍ። ለምዕራፍ ፩፣ ፪፣ ፫ ያምራል፤ ዜሮ የሌለው ሥርዓት ግን ለ3.2.1 ዓይነት ደረጃ ላለው ቁጥር አልተሠራም። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክና ባልደረቦቻቸው ለላቴክ ያዘጋጁት ኢትዮፕ (ethiop) የተባለው ጥቅል፣ በኋላም በ1999 ግዕዝ ዩኒኮድ ከገባና ዩኒኮድን የሚያነበው ዚቴክ ከመጣ ወዲህ ያለው ድጋፍ ፊደሉን አሳምሮ ያትማል። የማጣቀሻ ሰዋስው ግን የፊደል ቅርጽ ጉዳይ አይደለም።

ተቃውሞዎቹ

ቃሉን ጠብቆ ቁጥርና ገጽ በቅንፍ መጨመር የሚለውን አቋም የሚቃወሙ ክብደት ያላቸው ክርክሮች አሉ። አንደኛው መጨናነቅ ነው፤ በየገጹ አሥር ቅንፍ ቢኖር ንባብ ይሰናከላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን መልሱ ቅንፉን መተው ሳይሆን መቼ እንደሚያስፈልግ መለየት ነው። የፍራንክ ሚተልባህ ቫሪዮሬፍ ጥቅል መድረሻው እዚያው ገጽ ላይ ከሆነ የገጽ ቁጥሩን አይጽፍም፣ በሚቀጥለው ገጽ ከሆነ «በሚቀጥለው ገጽ» እንዲል ማድረግ ይቻላል። የአማርኛ ሐረጎቹን አንድ ጊዜ መስጠት ይበቃል። ከዚህም ሌላ፣ ማጣቀሻ የሌለበት ጽሑፍ ይነበብ ይሆናል፣ ብዙ የሆነበት ግን ምናልባት የክፍሎቹ አደረጃጀት ራሱ መፈተሽ ያለበት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወረቀት እየቀረ ነው የሚል ነው። ተማሪው ጥናቱን በስልኩ ያነባል፣ አገናኙን ይጫናል፣ ይሄዳል። ተቃውሞው ግማሹን እውነት ይይዛል፦ መሄዱ ቀላል ሆኗል። ሳይጫኑ ማወቅስ? «ክፍል 3.2» የሚል ቅንፍ ያየ አንባቢ ወደ ኋላ ነው ወይስ ወደ ፊት፣ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ መሆኑን ያለ መጫን ይገምታል፤ ለመሄድም ላለመሄድም ይወስናል። አዲስ አበባ፣ የካ ውስጥ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ሄዶ ቤት የሚፈልግ ሰው የቤት ቁጥርም፣ «ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ» የሚል ምልክትም ሲሰጠው የሚያመሰግነው ስለዚህ ነው፤ አንዱ ትክክለኛውን በር ለማንኳኳት፣ ሌላው መንገዱ ላይ ላለመሳት። ጥናቱ ታትሞ መጠረዙም ገና አልቀረም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ከተቃራኒው ወገን የመጣ ክርክር አለ። በድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ መሠረት የአገናኝ ጽሑፍ፣ ቢያንስ ከዙሪያው ካለው ጽሑፍ ጋር ሆኖ፣ ወዴት እንደሚወስድ ሊያስረዳ ይገባል። ማየት የተሳነው አንባቢ የስክሪን አንባቢ ፕሮግራሙ አገናኞችን ብቻ በዝርዝር ሲያነብለት «3.2፣ 4.1፣ 2.3» ቢሰማ ምን ይጠቅመዋል? የላቴክ ቡድን መዋቅር የተሸከመ ፒዲኤፍ ለማውጣት በሚሠራበት፣ የጥናቶች ማከማቻው አርካይቭም (arXiv) ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ የላቴክ ጽሑፎችን በኤችቲኤምኤል ጭምር በሚያቀርብበት በዚህ ጊዜ ይህ ክርክር ክብደት ጨምሯል። ከተራ ጽሑፍ ወደ ላቴክ የሄደው መግለጫ ተመልሶ ወደ ድረ ገጽ የሚመጣበት ዘመን ነው፤ በመንገድ ላይ የጣልነው መግለጫ በዚያ ጫፍ የለም። ቁጥር ብቻ ይበቃል የሚለው አቋም ከሁሉ በላይ የተዳከመው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመጽሔቶች ሥርዓት ነው፤ የሥነ ፈለክ መጽሔቶች የየራሳቸው የላቴክ ክላስና የማጣቀሻ አጻጻፍ አላቸው፣ ጸሐፊው በቅንፍ ገጽ ቢጨምር አዘጋጁ ያወጣዋል። ይህ ትክክል ነው፤ በመጽሔት ጽሑፍ የገጽ ቁጥሩ በኅትመት ስለሚለወጥም ባይገባ ይሻላል። ስለዚህ ገጹ ለመመረቂያ ጥናትና ለመጽሐፍ፣ የክፍል ቁጥሩ ለሁሉም ብሎ መለየት ተገቢ ነው። ይህ ልዩነት ግን በማስታወሻው ውስጥ ሳይሆን በኤክስፖርቱ መደረግ አለበት፤ አንዱ ማስታወሻ ሁለት ቦታ ይሄዳልና።

ሥራው የት ይሠራ?

ቅንፉ የሚጨመርባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ አቅማቸው ግን እኩል አይደለም። በማስታወሻው ውስጥ ጸሐፊው ከመግለጫው ኋላ ሌላ፣ መግለጫ የሌለው አገናኝ ቢጽፍ ኦርግ ቁጥሩን ያወጣለታል፤ ምንም ፕሮግራም አይጠይቅም፣ ግን ማስታወሻውን በጥሬ መለያዎች ይሞላዋል። በኤክስፖርት ማጣሪያ፣ በኦርግ የኤክስፖርት ማጣሪያዎች ወይም በፓንዶክ የሉአ ማጣሪያ፣ ቢሠራ ማጣሪያው የመድረሻውን ዓይነት ያውቃል፤ ምዕራፍ ነው ወይስ ሠንጠረዥ፣ ቁጥር አለው ወይስ የለውም። ገጹን ግን አያውቅም፤ ገጽ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረምና። በላቴክ በኩል የሃይፐርሬፍን ትእዛዝ እንደገና መበየን ይቻላል፤ ያኔ ገጹ ይታወቃል፣ መግለጫው ከማሽን መጣ ወይስ ከጸሐፊ የሚለው ግን ጠፍቷል። ከዚህ የሚከተለው የሥራ ክፍፍል ከሞላ ጎደል ግልጽ ይመስላል፦ የመድረሻውን ዓይነትና «ይጨመር ወይስ አይጨመር» የሚለውን ማጣሪያው ይወስን፤ የገጹንና የቅርበቱን ነገር ላቴክ ይወስን። ሁለቱን በአንድ ቦታ ለመሥራት የሚሞክሩ ቅንብሮች ውስብስብ የሚሆኑት ማግኘት የማይችሉትን መረጃ ስለሚሹ ነው።

ያልተቋጨው

የሚቀረው ከባድ ጥያቄ መድረሻው ከተላከው ጽሑፍ ውጭ ሲሆን ነው። በማስታወሻ የሚሠራ ተመራማሪ አንድ ትልቅ ሰነድ የለውም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ማስታወሻዎች እርስ በርስ ተያይዘው ይኖራሉ፣ ከእነርሱ የተወሰኑት ተመርጠው ጥናቱ ይሆናሉ። ባልተመረጠ ማስታወሻ ላይ ያረፈ አገናኝ በኦርግ ወደ ሌላ ፋይል የሚወስድ አገናኝ ሆኖ ይወጣል፤ ያ ፋይል በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሚገኝ ለአንባቢው የሞተ ነው። መግለጫውን እንደ ተራ ቃል ትቶ አገናኙን መቁረጥ የብዙዎች ምርጫ ነው፤ ጽሑፉን ያድናል፣ የጠፋውን ማስረጃ ግን ይደብቃል። ሌላው አማራጭ ኤክስፖርቱን አቁሞ ጸሐፊውን መጠየቅ ነው፦ ይህ ማስታወሻ በጥናቱ ውስጥ ይግባ፣ በግርጌ ማስታወሻ ይጠቃለል ወይስ ይተው? አሰልቺ ነው፤ ሁለት መቶ አገናኝ ላለው ጥናት ደግሞ ሁለት መቶ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ሆኖም መግለጫው «ቀደም ብለን አይተናል» ካለና ያ «ቀደም» በተጠረዘው መጽሐፍ ውስጥ ከሌለ፣ ጸሐፊው ላላቀረበው ማስረጃ ምስክር ጠርቷል። መግለጫው ስለ መድረሻው የሚናገረውን እያነበበ እንዲህ ያሉትን ብቻ ለይቶ የሚያቆም፣ ሌሎቹን የሚያሳልፍ ማጣሪያ እንዴት ይጻፋል የሚለው፣ በተለይ «ከላይ»፣ «ከታች»፣ «ቀደም ብሎ» የሚሉትን የአማርኛ ቃላት ለይቶ ለማወቅ፣ ክፍት ሥራ ነው።